ያመሰገነችው እጅ

ሰፈርተኛው «መቀስ» ነው የሚላት። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ምላሷም ስለሚቆርጥ ነው። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው ሱሪው ብቻ ሳይሆን ኩራቱም አጥሮ ይወጣል። «ወገቡ ጠበበኝ» የሚላት ደንበኛ ካለ፣ «ሱሪውማ ባለበት ነው፤ የሰፋኸው አንተ ነህ» ትለዋለች። ሱቁ በሳቅ ይሞላል፣ ሰውየውም አብሮ ይስቃል፣ ሌላ ጊዜም ተመልሶ የሚመጣው ወደ እሷው ነው።

ሱቋ በሰፊው ግቢ ጫፍ ላይ ፊቷን ለመንገድ፣ ጀርባዋን ለጓሮ የሰጠች ክፍል ናት። ከፊት ሁለት የስፌት መኪኖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ከኋላ ጥቅል ጨርቅ፣ ገበርና ጥጥ የሚከማችበት ጠባብ መጋዘን አለ። መጋዘኑ ሁለት በር አለው፤ አንዱ ወደ ሱቁ፣ አንዱ ወደ ጓሮ። በአንዱ መኪና መቀስ፣ በሌላው ታናሽ እህቷ ይሠሩ ነበር። እናታቸው ስትሞት ታናሿ ገና ድክ ድክ የምትል ነበረች፤ መቀስ ናት በጀርባዋ አዝላ፣ በእጇ መርፌ ይዛ ያሳደገቻት። አድጋም አፏ ከዘፈን አይለይም ነበርና ሰፈሩ «ወፏ» አላት። የመኪናውን ፔዳል እየረገጠች፣ የፔዳሉን ምት ለዜማዋ ከበሮ አድርጋ፣

መርፌዬ ስትነጉድ ክሯን አስከትላ፣
ልቤ ተከተለህ ጥሎኝ ወደ ኋላ።

ስትል መንገደኛው እርምጃውን ያዘገይ ነበር።

«ለማን ነው እሱ?» ትላታለች መቀስ።

«ገና አልተወለደም።»

«እንግዲያው ቶሎ ይወለድና ያግባሽ፤ ክሬን ጨረስሽው!»

ወፏ የሞተችው በጠራራ ፀሐይ ነው። መቀስ አዝራር ልትገዛ ወጥታ ነበር። ወፏ ከምሳ በኋላ እንደ ልማዷ መጋዘኑ ውስጥ የጥጥ ከረጢት ላይ ጋደም ብላለች። መቀስ አዝራሩን በመዳፏ ጨብጣ ስትመለስ ጭሱን ያየችው ከመንገዱ ማዶ ሆና ነው። ከዚያ ወዲህ እግሯ እንዴት እንዳደረሳት አታውቅም። ስትደርስ፣ ውሃ በሚያንጠባጥብ ብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሰው ከጭሱ መሀል ሲወጣ አየች፤ በእቅፉ ወፏ ነበረች። እሳቱ ሰውነቷን እምብዛም አልነካትም፤ ጭሱ ግን ቀድሟት ነበር። ሰውየው መሬት ላይ አጋደማትና ዙሪያውን የቆመውን ሰው ቀና ብሎ አየ። ሰው ሁሉ አለቀሰ። መቀስም ተንበርክካ ያንን ጥላሸት የለበሰ እጅ ሳመች።

«እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ፣ እሳት ውስጥ ብቻዋን አልተውካትም» አለችው።

ሰውየው የግቢው ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ረጋ ያለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር፣ ሲጨብጥ እጁን ቶሎ የማይለቅ ሰው። ሰፈሩ «ደራሽ» ይለዋል፤ የጭንቅ ቀን ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነዋ። የአናጺው ሱቅ ሲቃጠል መጋዝና መዶሻውን ያወጣለት እሱ ነው። የዳቦ ቤቱ የማገዶ ማከማቻ ሲነድ መጀመሪያ የደረሰው እሱ ነው። ከወፏ በፊት ደግሞ በደጃፉ ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩት አሮጊት፣ ሁሉ ሰው «እማማ» የሚላቸው፣ ቤታቸው በእሳት ሲያዝ በጀርባው አዝሎ ያወጣቸው እሱ ነው። እማማ ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃ ሲቀዱም፣ ልብስ ሲያሰጡም አንዲት ግጥም ከአፋቸው አትጠፋም፦

ዘመዴማ ሩቅ ነው፣ ሲፈለግ ይታጣል፣
ደራሽ ጎረቤቴ ሳልጠራው ይመጣል።

በወፏ ሐዘን ሰሞን ደራሽ መቀስ ዘንድ ሳይመጣ የዋለበት ቀን የለም። አጠገቧ ይቀመጥና በዚያ በለሰለሰ ድምፁ ይጠይቃታል። «ስገባ በሩ እየነደደ ነበር፤ ነገሩሽ? ይዣት ስወጣ ሰዉ ምን አለ? አንቺስ መጀመሪያ ስታዪኝ ምን ተሰማሽ?» መቀስ ከእንባዋ ጋር እየታገለች ትነግረዋለች። ሰምቶ ሲያበቃ ዓይኑን ጨፍኖ ረጅም ትንፋሽ ይተነፍሳል። የሐዘን ትንፋሽ መስሏት ነበር።

መንፈቅ አለፈ። ሱቁ ታደሰ፣ ግድግዳው ተቀባ። ሁለተኛው መኪና ግን በጨርቅ እንደተሸፈነ ቀረ። አንድ ረፋድ ደራሽ ጃኬቱን ይዞ መጣ።

«ገበሩ አልቋል፤ ቀይሪልኝ።»

መቀስ ጃኬቱን ገልበጥ አድርጋ አየችው። «ይሄ ጃኬት የሚያስፈልገው ገበር ሳይሆን ጡረታ ነው።»

ሳቀ። «ብቻ ቃጠሎዎቹን እንዳትነኪብኝ።»

«ለምን? ቀዳዳ ለብሼ ልዙር ብለህ ነው?»

«እንዴት ትነኪያቸዋለሽ!» አለና ጃኬቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፤ ጣቱን በእጅጌው ላይ በቀስታ እያስኬደ። «ይቺ የአናጺው ናት። ይቺ የዳቦ ቤቱ። ይቺ ደግሞ የእማማ፤ ሁለት እጄን ይዘው አልለቅ ያሉ ቀን፣ ታስታውሻለሽ?» ከዚያ ጣቱ ደረቱ ላይ ካለች ጥቁር ጠባሳ ዘንድ ደረሰና ቆመ። እንደ ልጅ ጉንጭ ደባበሳት። «ይቺ የእኛዋ ናት» አለ። ፈገግ ብሎ ነበር።

ደራሽ ከወጣ በኋላ መቀስ ጃኬቱን በጣቷ ጫፍ አንስታ ጥግ ላይ አስቀመጠችው፤ ለምን እንዳስጠላት ግን ለራሷም አልገባትም።

የገባት በዚያው ሳምንት በቧንቧው አጠገብ ነው። ሴቶቹ ባልዲያቸውን ደርድረው ቆመዋል፤ ቧንቧው ያስነጥሳል፣ ጠብታ የለውም። እማማ ያቺን ግጥማቸውን ያንጎራጉራሉ። ከሰልፉ አንዷ፣ «ይሄ ውሃ ደግሞ የሚሄደው በጭንቅ ቀን ነው!» አለች በምሬት። «የወፏ ዕለትም እንዲሁ ከጠዋት ጀምሮ ደርቆ ነበር። ባልዲ ይዘን ስንሯሯጥ አንድ ጭልፋ አላገኘንም።»

መቀስ ባልዲዋን አስቀመጠች። ያን ቀን ውሃ አልነበረም። የደራሽ ብርድ ልብስ ግን ውሃ ያንጠባጥብ ነበር።

ወደ ግቢው ዘበኛ ሄደች። ዘበኛው ዓይኑ ሁልጊዜ እንደተከደነ ስለሆነ «እንቅልፌ» ነው የሚባለው፤ ወንበሩ ላይ ተለጥጦ አገኘችው።

«የወፏ ዕለት ደራሽ ብርድ ልብሱን የት ነው የነከረው?»

«እ? እሱማ ቧንቧ ሠራተኛ አይደል!» አለ እንቅልፌ አንድ ዓይኑን ገልጦ። «ውሃ ከእሱ ይጠፋል? የዋናው የውሃ መዝጊያ ቁልፍስ ያለው በማን እጅ ነው?»

«የእማማ ቤት ሲቃጠልስ ውሃ ነበር?»

እንቅልፌ ሁለተኛውን ዓይኑንም ገለጠው። «አልነበረም» አለ። «የዳቦ ቤቱም ዕለት አልነበረም። ጋጋሪው በሊጥ ውሃ ነው ያጠፋነው ሲል ይስቅ የለ?»

እንዲህ ነው ሰፈሩ የተሸወደው። የሌላው ባልዲ ባዶ በሆነበት ቀን የእሱ ሙሉ መሆኑን ሁሉም አይቷል፤ ሁሉም ደግሞ ለሙያው ሰጥቶ አልፎታል። ውሃውን የሚያውቅ ሰው ነው ብለው አመሰገኑት። እሱ ግን መጀመሪያ መዝጊያውን ይዘጋል፣ ብርድ ልብሱን ነክሮ ያዘጋጃል፣ ከዚያ ይለኩሳል፤ ከእሱ በቀር የሚያድን እንዳይኖር።

መቀስ ሱቋን ዘግታ የእህቷን መኪና ገለጠች። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ፔዳሉን ባዶውን ረገጠች። ያ የሳመችው እጅ ከንፈሯ ላይ አሁን እንደ ፍም ፈጃት። እሷ ዘፋኝ አልነበረችም፤ ያን ቀን ግን ከጉሮሮዋ የወጣው ዜማ ነው፦

እሳትስ ይጠፋል ውሃ ቢያፈሱበት፣
ልቤን ማን ያጠፋል እህቴ ነድዳበት?

በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ያገኘቻት መርማሪ በዕድሜ ከእሷ የምትበልጥ፣ ሻይዋን ሳትጠጣ የምታቀዘቅዝ ሴት ናት። አንድ ጊዜም ሳታቋርጥ አዳመጠቻት። ስለ ውሃው፣ ስለ ጃኬቱ፣ ስለ ረጅሙ ትንፋሽ።

«ከአናጺው በፊት ትንሽ እሳት አልነበረም?» ጠየቀች መርማሪዋ።

«ከአጥሩ ጀርባ የቆሻሻው ክምር ነዶ ነበር። ማንም ጉዳዬ አላለውም።»

«እንዲህ ያሉ ሰዎች ከዚያ ነው የሚጀምሩት። ከቆሻሻ፣ ከባዶ ጎጆ። ከዚያ ትንሹ አያጠግባቸውም። ይሄኛው ከባዶ ሱቅ ዕቃ ሲያወጣ እግዜር ይስጥልኝ አሉት፤ አሮጊት ሲያወጣ ግን ግጥም ገጠሙለት። ከዚያ ወዲህ ሰው የሌለበት ቤት ምን ይሠራለታል?»

«እሳት ይወዳል ማለት ነው?»

«ወፏን መሬት ላይ አስተኝቶ ወዴት አየ?»

መቀስ አሰበች። «ወደ ሰው።»

«አየሽ? እሳቱን ዞር ብሎም አላየውም። እሱ የሚፈልገው ፊታችሁን ነው። ምስጋናው ሲበርድ እሱም ይበርደዋል። አንዱ በሰው ፊት ያዋርደዋል፣ ወይ ሌላ ሰው ሲወደስ ይሰማል፤ ያኔ ተነስቶ ይለኩሳል። በቀን የሚያደርገውም ለዚህ ነው፤ በጨለማ ማን ያየዋል?»

መቀስ ትዝ አላት። አናጺው ቧንቧውን አበላሸህብኝ ብሎ ሰው መሀል ሰድቦት ነበር። ወፏም፣ ምስኪን፣ አንድ ቀን ሲያልፍ፣ «ዛሬ ደግሞ ማንን ልታድን ነው፣ ጃኬትህን ለብሰሃል?» ብላ ስቃበት ነበር። ለጨዋታ።

«እብድ ነው?» አለች።

«አይደለም። ውሃ ዘግቶ፣ ብርድ ልብስ ነክሮ የሚጠብቅ ሰው እብድ አይደለም። የለኮሰውን እጅ የሌላ ሰው እጅ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ የራሴ ብሎ የሚያየው ያዳነበትን እጅ ብቻ ነው። ሲያለቅስልሽ ከልቡ መስሎት ሊሆን ይችላል።»

«ሳይመሰገን ቢቀርስ?»

«ይራባል» አለች መርማሪዋ። ከዚያ መቀስን ትክ ብላ አየቻት። «ስሚኝ እህቴ። መዝጊያ የዘጋ ሁሉ እሳት ለኳሽ ነው ብዬ ፍርድ ቤት ብቀርብ ይስቁብኛል። እጅ ከፍንጅ ልንይዘው ይገባል። ውሃው የጠፋ ቀን ደውዪልኝ። ከዚያ ውጪ አንቺ ምንም እንዳታደርጊ።»

መቀስ ራሷን ነቀነቀች። ልቧ ግን ሌላ ጨርቅ እየቀደደ ነበር።

መጀመሪያ የሄደችው ወደ አናጺው ነው። የመጋዘኑን የጓሮ በር አሳየችው። «ሲለቁት በራሱ የሚዘጋ፣ ከውስጥ እጀታ የሌለው አድርግልኝ።»

«ከውስጥ እጀታ የሌለው በር ምን ይሠራልሻል?»

«ሌባ ይይዝልኛል።»

«ምን ዓይነት ሌባ?»

«ያንተን ሱቅ የበላው ዓይነት።»

አናጺው እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ በሩን መለካት ጀመረ።

በሱቅና በመጋዘኑ መካከል ያለውን በርም በሱቅ በኩል ወፍራም መወርወሪያ አስገጠመችበት። ጥጡን ሁሉ ወደ ውስጠኛው ጥግ አዛወረችው፤ ሊለኩስ የመጣ ሰው ገብቶ እንዲለኩስ። ለጎረቤቶቿ፣ «ውሃ ይጠፋል ተብሏል፤ በርሜላችሁን ሞልታችሁ አስቀምጡ» አለቻቸው። እሳቱ ከእሷ ግድግዳ እንዲያልፍ አልፈለገችም። የፈለገችው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እህቷ የታፈነችበት ክፍል ውስጥ፣ እህቷ የተነፈሰችውን ጭስ እንዲተነፍስ ነው የፈለገችው። ስታስበው ይጣፍጣት ነበር። ቀዳዳ ስትጥፍ፣ አዝራር ስትተክል፣ ከንፈሯ ላይ አንዲት ፈገግታ ትመጣ ነበር፤ ደንበኞቿ ሐዘኗ ለቀቃት ብለው ደስ አላቸው።

ወፏ በሞተች በዓመቷ ግቢው ተሰበሰበ። አግዳሚ ወንበሮች ወጡ። ደራሽ ገበሩ የተቀየረለትን ጃኬቱን ለብሶ ከፊት ተቀምጧል፤ ሰው ሁሉ እንደሚጠብቀው እሱም ስሙን ሲጠብቅ። መቀስ አዲስ ካፖርት በክንዷ ይዛ ተነሳች።

«የእህቴ ዕለት ከሁሉ ቀድሞ የደረሰልኝን ሰው እስከ ዛሬ አላመሰገንኩትም» አለች።

ደራሽ ከወንበሩ ብድግ ማለት ጀምሯል።

«እንቅልፌ! ና፣ ካፖርትህን ልበስ።»

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። እንቅልፌ ግራና ቀኙን አየ። «እኔ?» አለ። «እኔ እኮ ያን ቀን ተኝቼ ነበር!»

«ትሕትናው ነው» አለች መቀስ።

«የምን ትሕትና! እውነቴን ነው፣ ጭሱ ነው ያነቃኝ!»

«ይኸው! ጭሱን መጀመሪያ ያየው እሱ ነው ማለት ነው» አለ አናጺው ከኋላ፤ አጨበጨበም። ሳቁና ጭብጨባው ተደባለቀ። እንቅልፌ ካፖርቱን ለብሶ ዞር ዞር አለ፤ ልኩ ነበር። ደራሽ በግማሽ እንደተነሳ ቀርቶ፣ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ፈገግታው ፊቱ ላይ አለ፤ ዓይኑ ግን ባዶ ቤት ሆነ። መቀስ አጠገቡ ስታልፍ ጎንበስ ብላ፣ ቀለል አድርጋ፣ «ደክሞኛል ወንድሜ» አለችው። «ሰሞኑን ከምሳ በኋላ መጋዘኑ ውስጥ ጋደም እላለሁ። እሷ እንደምትተኛው።»

ቀናት አለፉ። አንድ ረፋድ እማማ ከቧንቧው ባዶ ባልዲ ይዘው ሲመለሱ፣ «ውሃው ሄደ ልጄ» አሏት።

መቀስ ስልኳን አየችው። አላነሳችውም።

ምሳ ሰዓት አለፈ። ሱቋን ከውስጥ ዘግታ በመጋዘኑ በር ስንጥቅ ዓይኗን ተክላ ቆመች። የጓሮው በር ተከፈተ። ደራሽ የነከረውን ብርድ ልብስ ከበሩ ውጪ ጥሎ ገባ፤ ጃኬቱን ለብሷል፣ በእጁ የጋዝ ጠርሙስ አለ። በሩ ከኋላው በቀስታ ተዘጋ፤ አላስተዋለውም። ጥጉ ላይ መቀስ ብርድ ልብስ አልብሳ ያስተኛችውን የጨርቅ ጥቅል ሲያይ ቆመ። እየተመለከተው ፊቱ ለሰለሰ። የሚያሳዝን፣ የሚራራ ፊት ነበር፤ መቀስን ከሁሉ ያንቀጠቀጣት ያ ርኅራኄ ነው። ጋዙን ጥጡ ላይ አፈሰሰ፣ ክብሪቱን ጫረ።

እሳቱ ከተጠበቀው በላይ ፈጥኖ ተነሳ። ደራሽ ወደ በሩ ዞረ። መዳፉን እንጨቱ ላይ አስኬደው፤ ላይ፣ ታች። እጀታ የለም። በትከሻው ገፋው፤ በሩ አልነቃነቅ አለ። ያኔ ወደ ሱቁ በር ሮጦ መጣ፣ በግራ ቡጢውም ደበደበው። ጮኸም። የጮኸው ግን እንደ ተያዘ ሰው አልነበረም።

«እህቴ! አይዞሽ! ደርሼልሻለሁ!»

ራሱ በለኮሰው እሳት መሀል ቆሞ ነው እንዲህ የሚላት። መቀስ እጇን መወርወሪያው ላይ አደረገች፤ አልሳበችውም። በስንጥቁ የሚወጣው ጭስ ዓይኗን ለበለባት፤ ከስንጥቁ ግን አላነሳችውም። ሳሉን ሰማችው። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ፣ «ክፈቺልኝ» ሆነ፤ ከዚያ «ስለ እናትሽ» ሆነ። እህቷም እንዲህ አንኳኩታ ይሆናል። ማን ከፈተላት? መቀስ ጥርሷን ነከሰች። ትንሽ ብቻ፣ ትንሽ ብቻ ብትቆይ ነገሩ ያልቅ ነበር።

ከመንገዱ ጩኸት መጣ። «እሳት! የመቀስ ሱቅ!» የእግር ኮቴ ተግተለተለ። ከኮቴው በላይ የእማማ ድምፅ፦ «ደራሽን ጥሩት! ደራሽ የት አለ?»

«ገብቷል!» አለ ሌላ ድምፅ። «በጓሮ በኩል ሲሄድ አይቼዋለሁ! ሊያወጣት ገብቶ ነው!»

«ወይኔ ልጄን! ወይኔ ደራሼን!»

መቀስ ይህን ስትሰማ የነገው ቀን ወለል ብሎ ታያት። ሰፈሩ ሁሉ ጥቁር ለብሶ። እማማ አዲስ ግጥም ሲገጥሙለት። ሰው ሊያድን ሲል ሞተ እየተባለ ስሙ ከእህቷ ስም ጎን ሲጠራ፣ ጃኬቱ እንደ ቅርስ ሲሰቀል። ከዚያ በኋላ ማን ያምናታል? የምትገድለው ሥጋውን ነው፤ የሚፈልገውን ሁሉ ግን በእጇ ልትሰጠው ነው።

«በጭራሽ!» አለች። «በጭራሽ አትሞትልኝም!»

መወርወሪያውን ሳበችው። ደራሽ ከጭሱ ጋር እግሯ ላይ ወደቀ። በጃኬቱ አንገት ይዛ በስፌት መኪናዎቹ መሀል ጎተተችው፣ የሱቁን በር በእግሯ ከፍታ መንገዱ ላይ ጣለችው። ሰው ሁሉ እፎይ አለ። «አወጣት! ደራሽ አወጣት!» ብሎ አንዱ ጀመረ። ደራሽ እየሳለ፣ እንባው በጥላሸቱ ላይ እየወረደ፣ ቀና አለ፤ ዓይኑ ፊቶቹን መፈለግ ጀመረ። ያን ጊዜ መቀስ የቀኝ እጁን አንጓ ይዛ ወደ ላይ ብድግ አደረገችው። ጠርሙሱ ገና በጣቶቹ መሀል ነበር። ጋዝ ይሸታል።

ሰዉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ጋዝ ይዞ ነው እንዴ ሰው የሚያድነው?» አሉ እማማ፤ ሲጨርሱት ድምፃቸው ተሰበረ። ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ ተረዱ፤ የራሳቸውን ቤት፣ የራሳቸውን ግጥም።

አናጺው እንጨት አነሳ። ሌሎችም ድንጋይ አነሱ። መቀስ ከፊታቸው ቆመች።

«ማንም እንዳይነካው!»

«ልታዝኚለት ነው?» አለ አናጺው።

«ላዝንለት? ከመታችሁት ዓይናችሁ ከእሱ ላይ አይነሳም። እሱ የሚፈልገው ያንን ነው። ዞሩ! ጀርባችሁን ስጡትና እሳቱን አጥፉ!»

መጀመሪያ የዞሩት እማማ ናቸው። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው፣ ምንም ሳይሉ፣ ወደ በርሜላቸው ሄዱ። ከዚያ አናጺው እንጨቱን ጣለ። እንቅልፌ አዲሱን ካፖርት እንደለበሰ ባልዲ ተሸክሞ፣ «ዛሬስ አልተኛሁም!» እያለ እየሮጠ አለፈ፤ ደራሽን ተራመደው እንጂ አላየውም። በርሜሎቹ ሁሉ ሙሉ ነበሩ። እሳቱ ከመጋዘኑ ሳይወጣ ጠፋ። ያን ሁሉ ጊዜ ደራሽ መንገዱ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ነበር። አንድ ጊዜ፣ «እኔ እኮ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። ማንም አልዞረም።

መርማሪዋ ጎረቤቶቹ ጠርተዋት መጥታ በእጁ ላይ ሰንሰለት ካስገባች በኋላ የተቃጠለውን መጋዘን ዞራ አየች። የጓሮውን በር ከውስጥ በኩል ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው።

«አልደወልሽልኝም» አለች።

«ረሳሁት።»

«እዚህ በር ላይ እጀታ የለም።»

«አሮጌ በር ነው።»

መርማሪዋ ጣቷን አዲሱ እንጨት ላይ አስኬደች። «ጠርሙሱ እጁ ላይ ባይገኝ ኖሮ ዛሬ የማስረው አንቺን ነበር» አለች በዝግታ። «ለምን ከፈትሽለት?»

«ስለጠላሁት» አለች መቀስ።

በችሎቱ ዕለት ከግቢው አንድም ሰው አልሄደም። መቀስ ቤት ለቤት ዞራ ነው ያስቀረቻቸው። «ሥራ የለህም? ቅጠል እንኳ ጥረግ!» እያለች። እሷ ግን ምስክር ናትና ሄደች። በሩ ላይ ፖሊሱ ቦርሳዋን ፈትሾ፣ «መቀስ መግባት አይችልም» አላት።

«እኔም አልፈልግም ነበር፤ ጠርተውኝ ነው» አለችው። ፖሊሱ አልገባውም። መቀሱን አስቀረና ጠርዙን ልትሰፋ የያዘችውን የደንበኛ ቀሚስና መርፌዋን ተወላት።

ቃሏን ሰጠች። አጭር ነበር፤ ውሃው፣ ብርድ ልብሱ፣ ጠርሙሱ። ከዚያ የደራሽ ተራ ሆነ። ቆሞ መጀመሪያ የተመለከተው ወንበሮቹን ነው። ባዶ ናቸው። ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ፤ ስለ አናጺው መሣሪያዎች፣ እማማ እጆቹን ይዘው ስለማልቀሳቸው፣ ወፏን አቅፎ ስለወጣበት ጭስ፣ በመንገዱ ላይ ስለቆመው ሰው ብዛት። ለኩሻለሁ ብሎም አመነ፤ ሳይጠየቅ ነው ያመነው፣ ከዝምታው ይሻለው ነበርና። ዳኛው ወረቀታቸውን እያገላበጡ ሰሙት። መርማሪዋ ወደ መስኮቱ ታያለች። መቀስ ከኋላ ወንበር ላይ ቀሚሱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጠርዙን ትሰፋለች።

ድምፁ ከፍ አለ። «ያቺን ልጅ እኔ ነኝ ያወጣኋት! በእጄ! ይቺ እህቷም እጄን ስማዋለች፣ ጠይቋት!»

መቀስ በውስጧ ነደደች። አንድ ቃል፣ አንድ እርግማን፣ ሱቁን ሁሉ ያስቅ የነበረው ያ ምላሷ ጥርሷ ሥር ተገላበጠ። ብትረግመው ግን ይጠግባል። ዋጠችው፤ እንደ ዶሮ አጥንት እየቧጠጣት ወረደ። ከዋጠቻቸው ነገሮች ሁሉ መራራው እሱ ነበር፤ ከሁሉም ደግሞ የጣፈጣት እሱ ነው።

ፍርዱ ተነበበ። ዕድሜ ልክ። ፖሊሶቹ ሲወስዱት በአጠገቧ አሳለፉት፤ እግሩን ተክሎ ቆመ።

«መቀስ» አለ፤ ያ የለሰለሰ ድምፅ ተመልሶለታል። «አንድ ጊዜ እይኝ። ስደቢኝም ቢሆን። እይኝ እንጂ!»

ጠርዙ ጠመም ብሎባት ነበር። ጥቂት ስፌት ፈታች፣ ጨርቁን በጣቶቿ አስተካከለች፣ ክሩንም በጥርሷ በጠሰችው። ሰንሰለቱ እየተንቋቋ በኮሪደሩ ሲርቅ ይሰማል። መቀስ አዲስ ክር አወጣች፤ የመርፌዋን ዓይን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ ክሯን አስገባች።